«ደህና ነኝ» የማይለካው ሕመም

የእኛ አገር ሰላምታ ረጅም ነው። «እንዴት አደርሽ? ደህና ነሽ? ጤና? ልጆቹስ? ቤቱስ?» እየተባለ ይቀጥላል። ለሁሉም መልሱ ያው ነው፦ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን»፤ ወይም «አልሃምዱሊላህ»። ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ ያደረውም፣ ትናንት ሰው የቀበረውም «ደህና» ይላል። ልማዱ መልካም ነው። ሰው ሸክሙን በጠዋቱ በሰው ላይ አይዘረግፍም፣ ፈጣሪውንም አያማርርም።

ችግር የሚሆነው ይህንኑ መልስ ይዘን ሐኪም ፊት ስንቀመጥ ነው። «እሺ፣ እንዴት ነሽ? ተሻለሽ?» ይላል ሐኪሙ። «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ይባላል። ካርዱ ላይ «ለውጥ አለ» ተብሎ ይጻፋል፣ መድኃኒቱ ባለበት ይቀጥላል፣ ቀጠሮው ከሦስት ወር በኋላ ይሆናል። በር ላይ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነው፤ ሐኪሙም አይፈረድበትም።

ዛሬ ማውራት የፈለግኩት ስለዚህች «ደህና ነኝ» ነው። በተለይ ደግሞ ጠዋት ማታ እሷን ስለሚሉት የሩማቶይድ አርትራይተስ ታማሚዎች። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ በሽታውን እንተዋወቀው። እኛ ዘንድ መገጣጠሚያ ላይ የሚሰማ ሕመም ሁሉ «ቁርጥማት» ወይም «ሪህ» ነው፤ ካልሆነም «ብርድ መቶሽ ነው» ይባላል። ግን አንድ አይደሉም። ሐኪሞች ሪህ የሚሉት በደም ውስጥ ዩሪክ አሲድ በዝቶ መገጣጠሚያ ላይ ሲጠራቀም የሚመጣውን ነው፤ ብዙ ጊዜ በአውራ የእግር ጣት ላይ በድንገት ይነሳል። ከዕድሜ ጋር ጉልበትን እየበላ የሚሄደው ደግሞ ሌላ ነው። ሩማቶይድ አርትራይተስ ከሁለቱም ይለያል። ሰውነታችን ራሱን የሚወጋበት በሽታ ነው፤ ከጀርም እንዲጠብቀን የተቀመጠው የመከላከያ ኃይል አቅጣጫ ስቶ የመገጣጠሚያዎችን የውስጥ ሽፋን እንደ ጠላት ያጠቃል። ሽፋኑ ይቆጣል፣ ያብጣል፤ በጊዜ ካልታከመ አጥንቱን እየበላ አንጓውን ያጣምማል። ብዙውን ጊዜ ከእጅና ከእግር ትንንሽ አንጓዎች ይጀምራል። የቀኙ ሲያም የግራውም ያማል። ጠዋት ጠዋት ሰውነት ግትር ይላል፤ ለመፍታታት አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 በዓለም ላይ 18 ሚሊዮን ሰዎች ከዚህ በሽታ ጋር ይኖሩ እንደነበር ይገምታል። ከነዚህ 70 በመቶ ያህሉ ሴቶች ናቸው። ምጣዱ፣ ጀሪካኑ፣ ልብስ አጠባው በማን እጅ እንደሆነ ለምናውቅ ለእኛ ይህ ቁጥር ብዙ ይናገራል።

አክስቴ በዚህ በሽታ ከተያዘች 11 ዓመት ሆኗታል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት «ሪህ ነው» ተብላ ሥጋ አቆመች፣ «ብርድ ነው» ተብላ በሐምሌም በግንቦትም ካልሲ ደረበች። በሽታው በስሙ የተጠራው ከዚያ በኋላ ነው። አሁን መድኃኒቷን በሥነ ሥርዓት ትወስዳለች፣ ቀጠሮ አታሳልፍም። «እንዴት ነሽ?» ሲሏት ግን ያው ናት፦ «ደህና ነኝ ልጄ፣ ከሰው አላንስም።»

እንግዲህ «ከሰው አላንስም» በቁጥር ስንት ነው? እንደ ቀልድ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የመገጣጠሚያ ሐኪሞች ከ40 ዓመት በላይ የደከሙበት ጥያቄ ነው።

አንደኛው መንገድ በሽታውን መለካት ነው። «ዳስ 28» የሚባል መለኪያ አለ። ሐኪሙ 28 መገጣጠሚያዎችን አንድ በአንድ እየተጫነ ስንቱ እንዳበጠ፣ ስንቱ ሲነካ እንደሚያም ይቆጥራል። በደም ምርመራ የብግነቱ መጠን ይታያል። በመጨረሻም ታማሚዋ ራሷ አጠቃላይ ሁኔታዋን ከ0 እስከ 100 ባለው መስመር ላይ ታመለክታለች። እነዚህ ተደምረው አንድ ቁጥር ይወጣል። ከ5.1 በላይ ከሆነ በሽታው ነዷል ማለት ነው፤ ከ2.6 በታች ከሆነ ረግቧል ይባላል።

መለካቱ ብቻውን ምን ይጠቅማል የሚል ካለ፣ በ2004 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመውን የግላስጎው ጥናት ልንገረው። በዚያች የስኮትላንድ ከተማ 110 የሚሆኑ ታማሚዎች ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን እንደ ወትሮው በየሦስት ወሩ እየታየ ታከመ። ሌላው በየወሩ እየተጠራ በሽታው ተለካ፤ ቁጥሩ ካልወረደ መድኃኒቱ አስቀድሞ በተጻፈ ደንብ መሠረት ይጨመራል ወይም ይቀየራል። ከ18 ወራት በኋላ በሽታው የረገበላቸው ከመጀመሪያው ቡድን 16 በመቶ፣ ከሁለተኛው 65 በመቶ ሆኑ። በጣም የሚገርመው ደግሞ መድኃኒቶቹ ነባሮቹ መሆናቸው ነው፤ እንደ ሜቶትሬክሴት ያሉት። ዛሬ በውጭ አገር በውድ ዋጋ የሚሸጡት አዳዲስ መርፌዎች አልነበሩበትም። ልዩነቱን ያመጣው በየጊዜው መለካትና ለቁጥሩ መልስ መስጠት ነበር። መድኃኒት በቀላሉ ለማይገኝበት አገር ከዚህ የተሻለ ዜና አለ?

ሆኖም ዳስ 28 ሁሉንም አያይም። ከ28ቱ ውስጥ የእግር ጣትና ቁርጭምጭሚት የሉበትም። ጫማ ማድረግ ያቃታት ሴት በዚህ ቁጥር ደህና ልትባል ትችላለች። ከዚያም በላይ፣ ያበጠ አንጓ መቁጠር ሰውየው እንዴት እየኖረ እንደሆነ አይነግርም። ስለዚህ ሁለተኛው መንገድ መጣ፤ ሰውየውን ራሱን መጠየቅ።

በ1980 በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ዶክተር ጄምስ ፍሪስና ባልደረቦቹ አንድ መጠይቅ አወጡ፤ በምህፃሩ «ሃክ» ይባላል። ጥያቄዎቹ 20 ናቸው፣ በስምንት ክፍል ተመድበዋል፦ መልበስ፣ መነሳት፣ መብላት፣ መራመድ፣ ንጽሕና፣ ከፍ ያለ ነገር ማውረድ፣ መጨበጥና የዕለት ሥራ። «ያምሻል ወይ?» ብሎ አይጠይቅም፤ «ትችያለሽ ወይ?» ነው የሚለው። ያለ ችግር ከሆነ 0፣ በትንሽ ችግር 1፣ በብዙ ችግር 2፣ ጭራሽ አልችልም ከሆነ 3። በዓመታት ውስጥ በተደጋጋሚ እንደታየው፣ ማን ከሥራ እንደሚወጣና የማን ዕድሜ እንደሚያጥር ለመገመት እንዲህ ያለ ተራ ጥያቄ ከራጅና ከብዙ የላብራቶሪ ውጤቶች በልጦ ተገኝቷል።

ታዲያ አንድ እሑድ ቡና ላይ ጥያቄዎቹን ለአክስቴ አቀረብኩላት።

«ያለ ሰው እርዳታ ትለብሻለሽ?»

«እንዴታ! ሕፃን ነኝ እንዴ?»

«ቁልፉንስ?»

«ቁልፍ ያለው ልብስማ ከተውኩ ስንት ዘመኔ። በአንገት የሚጠለቅ ነው የምለብሰው።»

«ፀጉርሽን ትታጠቢያለሽ?»

«ልጅቷ አለች አይደል።»

«ሙሉ ብርጭቆ ወደ አፍሽ ታነሻለሽ?»

«በሁለት እጄ ከያዝኩት ምን ችግር አለው?»

«ገንዳ ውስጥ ገብተሽ ገላሽን ትታጠቢያለሽ?»

እዚህ ጋ ሳቀች። «የምን ገንዳ? ውኃውስ መቼ መጣና!»

በሳቋ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ነገሮች አሉ። አንደኛው የጥያቄዎቹ አገር ነው። መጠይቁ የተጻፈው ለካሊፎርኒያ ቤት ነው። ገንዳ አለበት፣ የካርቶን ወተት መክፈት አለበት፣ ምንጣፍ በማሽን መጥረግ አለበት። እኛ ቤት ግን ሴትዮዋን የሚፈትናት ሌላ ነው። ሊጥ በምጣድ ዙሪያ ማዞር፣ የተጋገረውን እንጀራ በሰፌድ ማውጣት። የታጠበ ጋቢ መጭመቅ። የሞላ ጀበና ሳይንቀጠቀጡ ዘንበል አድርጎ መቅዳት። የጀሪካን ክዳን መፍታት። መሬት ላይ ባለ መጸዳጃ ቁጢጥ ብሎ መነሳት። ለስግደት ወይም ለሶላት ጉልበትና መዳፍን መሬት ማስነካት። ሚኒባስ ታክሲ በግፊያ መሳፈር። ባንክ ሄዶ መፈረም፤ ፊርማዋ ስለተቀየረ ገንዘቧን ማውጣት የሚቸግራት ታማሚ መኖሯ አይገርምም።

ሕንዳውያን ይህን ቀድመው አይተውታል። በ2002 የታተመው የእነሱ መጠይቅ 12 ጥያቄዎች ያሉት ሲሆን፣ ቁጢጥ ብሎ መጸዳዳትን ወይም እግር አጣጥፎ መሬት ላይ መቀመጥን ይጠይቃል። ቃል በቃል ተርጉመው አልተቀመጡም፤ የራሳቸውን ቤት አይተው ጠየቁ።

ሁለተኛው ነገር «ልጅቷ አለች አይደል» የምትለዋ ናት። ሃክ ለዚህ ብልህ ደንብ አለው፦ ሰው እየረዳሽ ወይም መሣሪያ ይዘሽ የምትሠሪው ከሆነ፣ አንቺ «አይቸግረኝም» ብትዪም በዚያ ክፍል ነጥብሽ ከ2 አያንስም። እርዳታው ችግሩን ሸፈነው እንጂ አላጠፋውም። እኛ ዘንድ ደግሞ እርዳታው ሳይጠየቅ ነው የሚመጣው። ልጅ እናቷን ተክታ ትጋግራለች፤ ጎረቤት ትቀዳለች፤ እናትየው «ምንም አልጎደለብኝም» ትላለች። አንዳንዴም ልጅቷ ከትምህርት ቤት እየቀረች ይሆናል። እሱንም የሚጽፍ ካርድ የለም።

የአክስቴን መልስ በደንቡ መሠረት ደመርኩት። «ከሰው አላንስም» የምትለው ሴት ከ3 ወደ 2 የተጠጋ ነጥብ አገኘች። በዚህ መለኪያ ይህ ከባድ ጉዳት ነው። አክስቴ አልዋሸችም። 11 ዓመት ሙሉ አንዱን ነገር ስትተው፣ ሌላውን ስታሳልፍ፣ ኑሮዋን በሽታው በሚፈቅድላት ልክ ሰፋችው። በልኩ የተሰፋ ልብስ ደግሞ አይጠብም፤ «ደህና ነኝ» የምትለው ለዚህ ነው።

መቻል ራሱ ግን የሕይወት ጥራት ሁሉ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የሕይወት ጥራትን ሲተረጉም፣ ሰው በሚኖርበት ባህልና እሴት ውስጥ፣ ከራሱ ግብና ተስፋ አንጻር ኑሮውን እንዴት እንደሚያየው ነው ይላል። ስለዚህ ሰው የሚመኘውን ሳያውቁ ኑሮውን መለካት አይቻልም።

ይህን ለመያዝ በ1997 በእንግሊዝና በኔዘርላንድስ ለዚህ በሽታ ብቻ የሚሆን የሕይወት ጥራት መጠይቅ ተሠራ። 30 ነጥቦች አሉት፤ መልሱ አዎ ወይም አይደለም ነው። ጥያቄዎቹ የተቀዱት ከታማሚዎቹ አፍ ነው። ማልቀስን ይጠይቃል፤ ሳይፈልጉ በጊዜ መተኛትን፣ የሚመች ጫማ ማጣትን፣ በሰው ላይ ጥገኛ የመሆን ስሜትን ይጠይቃል። ካነበብኳቸው ውስጥ አንዷ ልቤን ነካችው፦ ሰው መጨበጥ ትሸሻለህ ወይ የምትለው።

እስቲ አስቡት። ለእንግሊዛዊ ይህ ምናልባት ቀላል ነገር ነው። እኛ ግን በእጅ ጨብጠን፣ ጎትተን፣ ትከሻ ገጭተን ነው ሰላም የምንባባለው። ለቅሶ ቤት ደርሶ አለመጨበጥ፣ ሠርግ ላይ እጅን ነጠላ ውስጥ መደበቅ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። «ኮራች» ይባላል። «ምን አስቀየምኳት?» ይባላል። አክስቴ ከዕድር ስብሰባ ቀስ በቀስ የቀረችው እግሯ አልራመድ ብሏት ይመስለኝ ነበር። ስጠይቃት «እግሬስ ይደርሳል፤ ጭብጡን ነው የምፈራው» አለችኝ። ይህን የሚያሳይ ራጅ የለም።

ከሰው አፍ ካልሰሙት የማይታወቅ ሌላም አለ። በ1992 በኔዘርላንድስ ማስትሪኽት የተጀመረ፣ «ምን እንለካ?» እያለ የሚወያይ «ኦሜራክት» የተባለ የባለሙያዎች ጉባኤ አለ። ለአሥር ዓመት የተወያዩት ሐኪሞችና ተመራማሪዎች ነበሩ። በ2002 ታማሚዎች ተጋብዘው ሲገቡ፣ ዋና ከተባሉት መለኪያዎች ውስጥ ያልነበረ አንድ ነገር አነሱ፦ ድካም። ተኝተው ቢነሱ የማይለቅ፣ አጥንት ውስጥ የገባ ድካም። ድካምም አብሮ እንዲለካ የተደረሰው ስምምነት በ2007 ታተመ። ያ ሁሉ ሊቅ አሥር ዓመት ያላየውን ታማሚዎቹ ተናገሩት። እኛ ቤት ይህ ድካም ስሙ ሌላ ነው፤ «ሰነፈች»፣ «ዘመናይ ሆነች» ይባላል።

ድብርቱስ? በ2013 የታተመ፣ ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ ግምገማ ከ100 የሩማቶይድ አርትራይተስ ታማሚዎች 17 ያህሉ ከባድ የድብርት ሕመም እንዳለባቸው አሳይቷል። ጣት የሚያየው ሐኪም ፊትንም ቀና ብሎ እንዲያይ ይህ ቁጥር ብቻውን ይበቃል።

«ይሄ ሁሉ እኛ አገር በየትኛው ጊዜ?» የሚል አንባቢ እንዳለ ይሰማኛል። ልክ ነው፣ የመገጣጠሚያ ስፔሻሊስት በየከተማው አይገኝም፤ ሰልፉም ረጅም ነው። ግን ሰልፉ ራሱ ጊዜ ነው። ታማሚዋ ወረፋ ስትጠብቅ አንድ ገጽ ወረቀት መሙላት ትችላለች፤ ማንበብ ካልቻለች አብሯት የመጣ ልጅ ወይም ነርሷ ያነቡላታል። ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው፤ ማሽን አይፈልግም፣ መብራት አይፈልግም፣ የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም። መነሻም አለን። መንቀሳቀስን፣ ራስን መንከባከብን፣ የዘወትር ሥራን፣ ሕመምንና ጭንቀትን ብቻ የሚጠይቅ «ኢኪው ፋይቭ ዲ» የሚባል አጭር መጠይቅ አለ፤ ኢትዮጵያውያን ተጠይቀው ለየጤና ሁኔታው የሰጡት ክብደት በ2020 ታትሟል። የቀረው የምጣዱንና የጭብጡን ጥያቄ መጨመር ነው። እሱን ደግሞ ከውጭ የሚያመጣልን የለም። ጥያቄዎቹን አውጥቶ፣ በታማሚዎች ላይ ሞክሮ፣ አስተማማኝነታቸውን ማረጋገጥ የእኛው ዩኒቨርሲቲዎችና ሐኪሞች ሥራ ነው።

እስከዚያው ድረስ ታማሚዎችና ቤተሰቦቻቸው ልታደርጉት የምትችሉት አለ። ከቀጠሮው በፊት ባለው ሳምንት ማስታወሻ ያዙ። ጠዋት ሰውነት ለመፍታታት ስንት ደቂቃ ፈጀ? በዚህ ወር ከአቅሜ በላይ ሆኖ የተውኩት ሥራ ምንድን ነው? እኔ እሠራው የነበረውን አሁን ማን ነው የሚሠራልኝ? ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ? የት መሄድ አቆምኩ? ሕመሜ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው፣ ድካሜስ? መልሱን ጽፋችሁ ለሐኪሙ ስጡት። በሚቀጥለው ጊዜም ያንኑ ጠይቁና አወዳድሩ። ይህ ምርመራን አይተካም፣ መድኃኒት በራሳችሁ እንድትጨምሩ ወይም እንድታቆሙም አይደለም። ሐኪሙ የሚወስነው ግን በሰማው ልክ ነው።

ፈጣሪን ማመስገንም አይቅር። አክስቴ ባለፈው ቀጠሮ ወረቀቷን ይዛ ሄዳ ነበር። ሐኪሙ እንደልማዱ «እንዴት ነሽ?» ሲላት፣ «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» አለችና ቀጠለች፦ «ግን ዶክተር፣ ሊጥ ማዞር አልችልም፤ ሰው መጨበጥም እፈራለሁ።» ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀምጦ እጆቿን ሳብ አድርጎ አንጓዎቹን አንድ በአንድ መቁጠር ጀመረ። የዚያን ቀን መድኃኒቷ ተቀየረ፤ ቀጠሮዋም በወሩ ሆነ።